አልሰጥም ያለው ካርድ

ያለፈውን ክፍል ያላነበባችሁ አትደናገጡ። ያነበባችሁትም ግማሹን ረስታችኋል፤ አውቃችኋለሁ። ስለዚህ ለሁላችሁም ባጭሩ ልንገራችሁና ወደ ጭንቄ ልመለስ።

ልጄ የቤት ዕቃ ማምረቻ አለው። ዛሬ ከሠላሳ በላይ ሰው ይታዘዘዋል እንጂ ድሮ መጋዙን በትከሻው አንግቶ ከበር በር «የሚጠገን ወንበር አለ?» እያለ ይዞር ነበር። ሴት ልጁን፣ የእኔን የልጅ ልጅ፣ ቁንጥንጥ እላታለሁ፤ አንድ ቦታ ሁለት ደቂቃ ተቀምጣ አይቻት አላውቅም። ይቺ ልጅ የፎቶ ቤት ሠራተኛ ወደደች። ሰርግ የሚቀርጽ፣ የካሜራ ማቆሚያውን እንደ ሕፃን ታቅፎ የሚዞር ረጅም ልጅ ነው። ሦስት እግሩ ብዬ ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ ሰፈሩ ሁሉ ያዘው። ልጄ ነገሩን ሲሰማ ግቢው መሐል ቆሞ፣ «ልጄን ለካሜራ ተሸካሚ አልሰጥም!» ብሎ ጮኸ። እኔም ከጎኑ ቆሜ «ደግ ብለሃል» አልኩ። አልክድም፤ ብያለሁ።

ወር ሳይሞላ ልጄ ምን እንደነካው እንጃ፣ ያንኑ ሦስት እግሩን አስጠራው። አዲስ የገዛትን ካሜራ ሳሎን ውስጥ አስተከለና ቁልፏን ካስጫነው በኋላ «አሁን ሁላችሁም ውጡልኝ» ብሎ በሩን ዘጋ። ብቻውን ከካሜራው ጋር አወራ። ሲወጣ ቁንጥንጥን ጠርቶ፣ «ቃሌ እዚህ ውስጥ አለ። ትንሽ ልረጋጋና አብረን እናየዋለን» አላት። በዘጠነኛው ቀን ማምረቻው ውስጥ ወደቀ። ስትሮክ ነው አሉን። ግማሽ ጎኑ ተያዘ፤ ምላሱም አብሮ ተያዘ። በዚያ ግርግር ካሜራዋም ከመደርደሪያ ወድቃ ተሰበረች። የቀረን በሆዷ ያለችው ሚሞሪ ካርድ ብቻ ናት፤ ከጥፍሬ እምብዛም የማትበልጥ።

ቤቱን የተረከበው የቁንጥንጥ ታላቅ ወንድም ነው። እሱን ደግሞ ፊርማ እለዋለሁ፤ ያላስፈረመው ነገር ውሃም ቢሆን አይጠጣም። ልጄን ከሆስፒታል አምጥተን ባስተኛን በሳምንቱ ፊርማ እንዲህ አለ፦ «እሑድ የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ከነቤተሰቡ ይመጣል። እህቴን ለልጁ ይጠይቃል፤ እኔም እሺ እላለሁ። አባዬ ሌላ ነገር ተናግሮ ከሆነ አምጡና አሳዩኝ፤ እንግዶቹን ከበር እመልሳለሁ። ያለ ማስረጃ ግን ወሬ አልሰማም።»

ቀኑ ዓርብ ነበር።

*

ቁንጥንጥ ላፕቶፑን የምግብ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ፣ ካርዷን ጎኑ ላይ ሰክታ፣ ከጠዋት ጀምሮ ስትታገል አረፈደች። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ሽንኩርት እልጣለሁ፤ ዓይኔ ግን ከእሷ ፊት አልተነቀለም። ፊቷ ቀስ በቀስ እየነጣ ሲሄድ አየሁ።

«ምን ይላል?»

«አላውቀውም ይላል።»

«ማንን?»

«ፋይሉን ነዋ፣ እማማ። የቪዲዮ ማቀናበሪያው ፕሮግራም አላስገባም አለ። ኤችዲ ነው፣ ጥራቱ ከፍ ያለ ነው፤ ለዚህ ላፕቶፕ ከበደው መሰለኝ።»

ኤችዲ የሚሉት የአፍንጫ ፀጉር ሳይቀር የሚያሳየውን ነው። ምን ያደርግልናል? ድሮ ፎቶ ስንነሣ እንደ ጥላ እንወጣ ነበር፤ ግን ወጣን።

«አንዴ ሞክሪ እስቲ።»

ሞከረች። መስኮቱ ተከፈተ፤ ጥቁር ነው፣ ምንም የለበትም። ከዚያ ጥቁር ውስጥ የሰው ሳል ተሰማ።

ቢላዋው ከእጄ ወደቀ። ልጄ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ድምፁን ያልሰማሁት ልጄ ጉሮሮውን ጠርጎ «እሺ እንግዲህ…» አለ፤ ፊት የለውም፣ አፍ የለውም፣ ድምፅ ብቻ። በግድግዳው ማዶ ደግሞ አካሉ ያለ ድምፅ ተኝቷል። አንዱ ክፍል ውስጥ ግማሹ፣ ሌላው ክፍል ውስጥ ግማሹ። ቁንጥንጥ ላፕቶፑን ጠረቀመችው፤ እንደ ነደደ ነገር እጇን ሰበሰበች።

«እማማ፣ ፈራሁ» አለች።

«ምን ያስፈራል? አባትሽ ነው» አልኳት። ድምፄ ግን የእኔ አልነበረም።

*

በምሳ ሰዓት ፋይሉን በፍላሽ ይዘን ፎቶ ቤት ሄድን። ብቻዋን አልሰድዳትም፤ ገና አልተፈቀደ። ደረጃው ቀጥ ያለ ነው፤ ጉልበቴን እየረገምኩ ወጣሁት።

ሦስት እግሩ ሲያየን ከወንበሩ ተነሣ፤ ተመልሶ መቀመጡንም ረሳው። እሷን አላያትም፤ እጇን ነው ያየው፤ ፍላሹን የያዘውን እጅ። እሷም የእሱን ሸሚዝ ቁልፍ ነው ያየችው። ሁለት ሰዎች እንዲህ እየተፈራሩ ሲዋደዱ አይቼ አላውቅም።

«እማማ፣ ይቀመጡ።»

«ለመቀመጥ አልመጣሁም። የልጄን ፊት አውጣልኝ።»

«ይቺ ካሜራ የምትጽፍበት መንገድ ከባድ ነው፤ የቤት ፕሮግራም ያንቀዋል። ወደ ቀለል ያለ ዓይነት እቀይረዋለሁ» አለ። አንዲት ቀጭን መስመር እየተጎተተች ስትሞላ ሦስታችንም አፍጥጠን ጠበቅን።

ልጄ ብቅ አለ። ሙሉ ሰው፤ ቀኝ እጁ ጉልበቱ ላይ፣ ግራ ዓይኑ እንደ ልማዱ ትንሽ ጨፈን ብሎ። ስለ መጀመሪያው መላጊያው አወራ፤ ስለ ሟች ሚስቱ አወራ፤ እኔ ስለማበስለው ወጥ ሳይቀር አወራ፤ ጨው ታበዛለች አለ፣ ውሸቱን ነው። ከዚያ ወደ ፊት ጠጋ አለ።

«አሁን ወደ ቁንጥንጥ ነገር ልምጣ» አለ። «ሁላችሁም ስሙኝ። ልጄን ለካሜራ ተሸካሚ አልሰጥም…»

ጭጭ። ልጄ አፉን እንደከፈተ ደርቆ ቀረ።

ሦስት እግሩ ቁልፉን አንዴ ነካ፤ ሁለቴ ነካ። ምንም የለም።

«አለቀ?» አለች ቁንጥንጥ።

«አለቀ።»

ሦስት እግሩ የቀየረውን ፍላሹ ላይ ጫነና በሁለት እጁ ለእኔ ሰጠኝ፤ ለእሷ መስጠት አልደፈረም። ልንወጣ ስንል ብቻ ከኋላችን፣ «እማማ፣ አደራዎን፣ ሦስተኛው ደረጃ ያዳልጣል» አለ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር እኮ። ያልኩት ሆነ፤ ልጄም ከቃሉ አልወረደም። ግን ደረጃውን ስወርድ የቁንጥንጥ ክንድ ክንዴ ውስጥ ሆኖ እንደ በረዶ ይቀዘቅዝ ነበር፤ እኔም በሰባ ስምንት ዓመቴ ምን እንደፈራሁ ሳላውቅ ፈራሁ።

*

ቅዳሜ ጠዋት የፎቶ ቤቱ ጽዳት ሠራተኛ ደብዳቤ አመጣች። ለቁንጥንጥ ነው አለች። ከፈትኩት። አዎ፣ ከፈትኩት፤ ማንም እንዳይቆጣኝ። ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም እንጂ ፊደሉን በገዛ ራሴ ቆጥሬዋለሁ። ወጥ ቤት ቆሜ እያንዳንዷን ቃል በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት።

«እስከ ትናንት ድረስ የምጠራሽ ስም ነበረኝ፤ ከትናንት ወዲህ ግን ፈቃድ የለኝም። አባትሽ መናገር ቢችሉ ኖሮ ሄጄ እግራቸው ላይ ወድቄ እለምናቸው ነበር። ቢሰድቡኝም እሰማ ነበር። መልስ ሊሰጡኝ ከማይችሉ ሰው ጋር ግን እንዴት ልከራከር? ሰው አንደበቱ ሲያዝ ጠብቄ ቃሉን አልረግጥበትም። ዛሬ በስድስት ሰዓቱ አውቶቡስ እሄዳለሁ። ስልኬን ዘግቻለሁ፤ ድምፅሽን ከሰማሁ እንደምቀር ስለማውቅ ነው። በቀረጽኩት ሰርግ ሁሉ ሙሽሪት ስትገባ እጄ የሚንቀጠቀጠው ለምን እንደሆነ አለቃዬ ይጠይቀኝ ነበር። ብርድ ነው እለው ነበር።»

አጣጥፌ ጡቴ ሥር ሸጎጥኩት። ልስጣት? ሰጥቻት አውቶቡስ ላይ ዘላ ብትወጣስ? ብከለክላትና ኋላ ብታውቅስ? ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ይደልቅ ጀመር። እንዲህ ይዤው ወደ ልጄ ክፍል ገባሁ።

ቁንጥንጥ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ጭራሽ አልተቁነጠነጠችም፤ ይሄ ራሱ አስደነገጠኝ። ላፕቶፑን ጭኗ ላይ አድርጋ ለአባቷ የራሱን ፊት ታሳየዋለች። ከሦስት እግሩ የመጣውን፣ የተቀየረውን። «ልጄን ለካሜራ ተሸካሚ አልሰጥም…» አለና ቆመ።

በዚህን ጊዜ ልጄ በደህናው እጁ ፍራሹን ደበደበ። ዷ! ዷ! ዓይኑ ፈጠጠ።

«ይኸው ነው እማማ» አለች። «አራት ጊዜ አሳየሁት። አራቱንም ጊዜ እዚያች ላይ ሲደርስ ይመታል። አትርሺ እያለኝ ነው። እሺ አባዬ፣ ገባኝ፣ በቃ አትናደድ…»

«ዝም በይ!» አልኩ። «ድገሚው።»

ደገመችው። አልሰጥም ሲል ቆመ፤ ፍራሹ ዷ አለ። እኔ ይህን ልጅ ወልጄዋለሁ። ሦስት ዓመት ሳይሞላው ጀምሮ ወሬውን ሲያቋርጡበት ወለሉን የሚደበድብ ልጅ ነው። ደግፎ ሲናገር እጁን አያነሳም፤ ይሄ ያልጨረሰ ሰው ቁጣ ነው።

«ቁንጥንጥ፣ ይሄ ነገር ርዝመቱ ስንት ነው?»

«ሠላሳ አንድ ደቂቃ።»

«ያን ቀን በሩ ላይ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። ከዘጠኝ ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ከሩብ! የተቀመጥኩበት ዱካ ቅርጽ ቂጤ ላይ ታትሞ ነው የተነሣሁት። የቀረው የት ገባ?»

ልጅቷ ቀና አለች።

«ካርዱ ውስጥ… ሌሎችም ነበሩ፣ እማማ። ፎልደር በፎልደር ነው፤ ስማቸው ሁሉ ዜሮና ቁጥር ብቻ። የመጀመሪያውን ትልቁን ወሰድኩ። የቀረው ሌላ ጊዜ የተቀረጸ መስሎኝ… ካሜራዋ ረጅም ወሬ ሲሆንባት ራሷ ትቆራርጠዋለች ማለት ነው? እሱ እንዴት ይሄን አላሰበም? ሙያው ነው!»

«ፈርቶ ነዋ! ስሙን ቢጠይቁትም አይመልስም ነበር። ካርዱስ?»

እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ለነገ እንግዶቹን እቀርጽበታለሁ ብሎ ፊርማ ወሰደው።»

*

ሳሎን ስደርስ ፊርማ ከመሥሪያ ቤቱ የተዋሳትን ካሜራ ታቅፎ ሶፋው ላይ ተቀምጧል። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ የካሜራዋን ትንሽ መስኮት ያነባል። ካርዷ ገብታለች።

«ምን ትላለች?» አልኩት ከበሩ።

«ይህች ካርድ ለእኔ አልተዘጋጀችም፣ ያለባትን ሁሉ ልጥረግ ወይ ትላለች።» አውራ ጣቱ ቁልፉ ላይ ነበር።

«እጅህን አንሣ!»

ግቢው ሁሉ የሰማኝ ይመስለኛል። ፊርማ ደንግጦ ዘለለ፤ ጣቱ ግን ከዚያች ቁልፍ ላይ አልወረደም፤ እንደተጣበቀ ሆነ። እዚያች ጣት ላይ የነበረውን ነገር ሳስብ ዛሬም ይዘገንነኛል።

«ምን ሆኑ እማማ? የአባዬን ቃል ትናንት ሰምታችሁ መጣችሁ። ራስዎ ነዎት የነገሩኝ። አልሰጥም ብሏል።»

«አልሰጥም ብሎ ምን አለ?»

«ማለት?»

«አልሰጥም ብሎ ማለ? አልሰጥም ብሎ ተጸጸተ? አልሰጥም ብሎ በራሱ ሳቀ? እኛ ስንናገር ዋናውን ነገር መጨረሻ ላይ አይደለም የምናስቀምጠው? ልጄ ገና መሐል ላይ ነበር፤ ካሜራዋ ናት አፉን የቆረጠችበት። የቀረው እዚህች ውስጥ ነው። አንተ የውል መጨረሻውን ገጽ ሳታነብ ትፈርማለህ?»

ይቺ ነካችው። አውራ ጣቱን ቀስ አድርጎ አነሣ። ካርዷን አውጥቶ መዳፌ ላይ ሲያስቀምጣት ግንባሩ በላብ ረጥቦ ነበር።

«ሳላውቅ ላጠፋው ነበር» አለ። ፊርማን ፈርቶ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

*

ቁንጥንጥ ካርዷን ልጄ ክፍል ውስጥ ላፕቶፑ ላይ ሰካች። ቃሉ የእሱ ነውና እሱ ሳይሰማ ማንም አይሰማም አልኩ። ሁለተኛውን ቁጥር ነጥላ ወደ ፕሮግራሙ ጎተተችው። አላውቀውም አለ። ሦስተኛውን ጎተተች። አላውቀውም። እንደገና። ላፕቶፑ እንደ ትኩሳት በሽተኛ ጋለ፤ ሆዱ ውስጥ ያለው ማራገቢያ ጮኸ፤ ከዚያ ሁሉም ነገር ቀጥ ብሎ ቆመ።

«አለቀልን» አለች።

«ምንድን ናቸው እነዚያ ከትልቁ ጋር የተደረደሩት ትንንሾቹ?» አልኳት፤ የምለውን ሳላውቅ ነው ያልኩት።

«ኮተት ናቸው። የሚከፈቱ አይደሉም። መጀመሪያም ትቻቸው ነው ትልቁን ብቻ የወሰድኩት።»

«እኮ! ሰውዬውን ከቤቱ ነጥለሽ በአንገቱ ጎትተሽ አወጣሽው። ከነቤቱ ብታስገቢውስ?»

ትክ ብላ አየችኝ። ፕሮግራሙን ዘግታ እንደገና ከፈተች፤ አሁን አንድም ፋይል አልነጠለችም። ካርዷን እንዳለች፣ ከነፎልደሩ፣ ከነኮተቷ አሳየችው። ፕሮግራሙ ለረጅም ጊዜ አሰበ። ከዚያ ቁርጥራጩን ሁሉ አጋጥሞ አንድ ሥዕል አወጣ። አንድ ብቻ። ከሥሩ ያለውን ስታነብ ድምፅዋ ተሰነጠቀ።

«አንድ ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ።»

ማስገባት ጀመረ። አራት በመቶ። ሰባት በመቶ። ሰዓቱን አየሁ፤ አምስት ሰዓት ከሩብ። ጡቴ ሥር ያለው ወረቀት አቃጠለኝ።

«ቁንጥንጥ፣ አንድ ነገር ደብቄሻለሁ።»

ደብዳቤውን አንብባ አላለቀሰችም። ቢጫ ሆነች እንጂ። ግራ ቀኝ አየች፤ በሩን፣ ላፕቶፑን፣ አባቷን።

«ብሄድ ምን ብዬ ላስቀረው? እዚህ ውስጥ ያለው የባሰ ስድብ ቢሆንስ? እማማ፣ ምን ላድርግ? እግሬ አልታዘዝ አለኝ።»

እስካሁን ግድግዳውን ተደግፎ የቆመው ፊርማ ቀና አለ። የመኪናውን ቁልፍ ከኪሱ አወጣ።

«እኔ እሄዳለሁ። ምን ብዬ ላምጣው?»

«አልጨረሰም በለው» አልኩት።

ያለ ምንም ማስረጃ ወጣ። ይህን ልጅ ለካ አላውቀውም ኖሯል።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ እንዴት እንዳለፈ አልናገረውም። ሃያ ስድስት በመቶ ላይ መብራቱ ደብዘዝ ብሎ ተመለሰ፤ ቁንጥንጥ ጉልበቴን ጨምድዳ ይዛ ጥፍሯ ሥጋዬ ውስጥ ገባ። ሃምሳ ዘጠኝ ላይ ቆሞ ቀረ፤ ማንም እንዳይነካው አልኩ፤ ትንፋሽ እንኳ የሚነካው መስሎኝ ነበር። ስድስት ሰዓት ሆነ። አውቶቡሱ ይነሣል። ስድስት ከሩብ። ስልክ የሚደውል የለም። ልጄ ዓይኑን ከዚያች መስመር ላይ አልነቀለም፤ ዓይኑ ውስጥ የነበረውን ፍርሃት ስታዩት፣ ሰውዬው ሁሉን እየሰማ እንደሆነ ምንም ሐኪም አያስፈልጋችሁም።

ዘጠና ስድስት ላይ ስትደርስ የመኪና በር ሲዘጋ ሰማን። የአንድ ሰው እርምጃ ነው? የሁለት? ቁንጥንጥ አልዞረችም። መዞር አልቻለችም።

ሁለት ነበሩ። ሦስት እግሩ ሻንጣውን ይዞ ደጃፉ ላይ ቆመ፤ ደፉን አልተሻገረም። እሷን አየ፤ አሁን ዓይኗን አየ። እሷም አየችው። ክፍሉ ውስጥ ያለነው ሁሉ ወደ መሬት አቀረቀርን፤ ማየት የእኛ አልነበረምና።

«ገባ» አለች ላፕቶፑን እያየች። «ማጫወቻውን ማን ይጫን? እኔ እጄ አልችልም።»

እኔ ጫንኩት።

«ልጄን ለካሜራ ተሸካሚ አልሰጥም» አለ ልጄ፤ አላቆመም፤ «ብዬ የጮኽኩት እኔ ነኝ። ግቢው መሐል። ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል። ወደ ቤት ስገባ በመስታወት ራሴን አየሁና አፈርኩ። መጋዝ ተሸካሚ ሆኜ ሚስት ስጠይቅ አማቴ የተናገረኝን ሠላሳ ዓመት ሙሉ እያስታወስኩ ጥርሴን ነክሻለሁ። ያንኑ ቃል አንሥቼ በሌላ ልጅ ላይ ወረወርኩት። ዛሬ ያ የሰደብኩት ልጅ እዚህ መጥቶ እጁ እየተንቀጠቀጠ ወንበሬን አስተካከለልኝ። ፀሐይ ዓይኔን እንዳትወጋኝ መጋረጃውን ስቦ ነው የወጣው። እኔ ብሆን አልስበውም ነበር። ቁንጥንጥ፣ እሰጥሻለሁ አልልሽም፤ ዕቃ አይደለሽም። ከወደድሽው ሂጂ፤ እኔ በር ላይ አልቆምም።»

ቁንጥንጥ ድምፅ አወጣች፤ ለቅሶ ነው ልበል፣ ሳቅ ነው ልበል። ልጄ ከመስኮቱ ውስጥ ፈገግ አለ።

«በር ላይ የምትቆመው እማዬ ናት። እሷን ፍሩ፤ እኔም እፈራታለሁ። ለእሷ የምላት አለኝ፣ ግን በካሜራ የሚባል አይደለም። ፊት ለፊት ነው። ነገ ከነገ ወዲያ፣ ረጋ ስትል እነግራታለሁ።»

ከዚያ ስለ ሌላ ነገር ቀጠለ፤ ማን ሰምቶት። ቁንጥንጥ አስቆመችው።

አልነገረኝም። ነገ አለ፣ ከነገ ወዲያ አለ፣ እኔም በዘጠኙ ቀን ውስጥ ረጋ አላልኩለትም። ወደ አልጋው ዞርኩ። ልጄ ያየኛል። ሊነግረኝ ያለው ቃል ዓይኑ ድረስ መጥቷል፤ ከዚያ ማለፍ አቃተው። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ፤ ፊርማ፣ ቁንጥንጥ፣ ደጃፉ ላይ ያለው ልጅ።

«ምን ታዩኛላችሁ? ሰማችሁ አይደል? አባትየው ፈቀደ፤ አለቀ!»

ሦስት እግሩ ሻንጣውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

«እርስዎስ፣ እማማ?» አለ። «የእሳቸውን ሰማሁ። እርስዎን ሳልሰማ አልገባም።»

ደፋር! ስንት ስድብ አፌ ላይ መጣ፤ አንዱም አልወጣም። የልጄ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

«ካሜራ ስለተሸከምክ አይደለም» አልኩ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለራሴም። «መሰላል ብትሸከምም፣ መድኃኒት ቤት ብትሸከምም አልፈልግህም ነበር። ይቺ ልጅ ከወጣች በዚህ ቤት ማን ይቀራል? እሱ አይናገር። ፊርማ በወረቀት ነው የሚያወራው። ጠዋት ተነሥቼ ከማን ጋር ነው የምጣላው? በሩ ላይ የቆምኩት ፈርቼ ነው። አሁንም ፈርቻለሁ። ሰማህ? ሰማኸኝ፤ እንግዲህ የምታደርገውን አድርግ።»

ቁንጥንጥ ፊቷን አንገቴ ሥር ቀበረች። ሦስት እግሩ ሻንጣውን አስቀመጠ፤ ደፉን ተሻገረ፤ እግሬ ሥር ቁጢጥ አለ። ረጅም ስለሆነ ቁጢጥ ብሎም ፊቱ ከፊቴ እኩል ነበር።

«ከእኔ ጋር ይጣላሉ፣ እማማ።»

«አንተ ልምድ የለህም።»

«እማራለሁ።»

«በየቀኑ ነው እኮ። ጠዋት ጠዋት።»

«ጠዋት ጠዋት እመጣለሁ።»

ሊመልስልኝ ሳይሆን ሊምልልኝ ይመስል ነበር የሚናገረው። እጁን አየሁት፤ ይንቀጠቀጣል። የእኔም ይንቀጠቀጣል፤ ያዝኩት፤ የሁለታችንም አልቆመም። ልቤ ከጠዋቱ ይልቅ ይደልቅ ነበር፤ አሁን ግን ይሄዱብኛል ብዬ ሳይሆን፣ ይመጣሉ ብዬ ነበር። በዚህ ዕድሜዬ ሰው ይመጣል ብሎ መጠበቅ፣ እሱም እንዲህ ያስፈራል እንዴ?